የቀለሆቹ ስመ ክርስትና

የተከራየሁት አዲሱ ቤት የበሩ እጀታ ነሐስ ነው። ጠቁሮ ስለነበር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «በኮምጣጤና በጨው እሺው፣ እንደ ወርቅ ነው የሚሆነው» አለችኝ። አሸሁት፤ እውነትም አበራ። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። እጄን ታጥቤ ሻይ ልጠጣ ኩባያውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ከጣቶቼ ላይ ያ ሽታ መጣ፤ ኮምጣጤ የነካው ብረት፣ የሚጎመዝዝ፣ ምላስ ላይ የሚቀር። ሻዩን አስቀመጥኩና ኮሪደሩ ላይ ዝርግፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ትልቅ ሰው ነኝ እኮ፣ ሥራ ያለኝ፣ ብቻዬን የምኖር! ግን ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። ፍርሃትን የተማርኩት ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ዊልስደን የሚባል ሰፈር፣ በአባባ ደምሴ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር። እማዬና እኔ ከሃይ ሮዱ፣ ከዋናው መንገድ፣ ገባ ብሎ ባለ ሁለት መኝታ ፍላት ውስጥ እንኖራለን። አባቴ አዲስ አበባ ነው። አንዴ ወደኛ ለመምጣት ቪዛ አፕላይ አድርጎ ሪፊዩዝ ተደርጓል፣ ተከልክሏል፤ ያን ዓመት ከገና በኋላ የሁለተኛውን ማመልከቻ ዲሲዥን እየጠበቅን ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁሉ ነገር «ወረቀቱ እስኪያልቅ» ነበር። ላይኛው ፎቅ ያሉት ሙዚቃ ሲያስጮሁ እማዬ አትናገርም፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ። ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ስትገፈትረኝ እኔ አልገፈትርም፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ሶሲ» ትለኛለች እማዬ ጫማዬን እያሰረችልኝ። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ማታ አባቴ ሲደውል «መቼ ነው የምትመጣው?» እለዋለሁ፤ «ቅርብ ነው የኔ እናት» ይለኛል። ቅርብ የሚባል ቦታ ያለ ይመስለኝ ነበር፣ ከዋይት ሲቲ ባቡር ጣቢያ ትንሽ አለፍ ብሎ።

አባባ ደምሴ የእማዬ አጎት ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብላ እማዬ ወደኛ አመጣቻቸው፤ ትንሿን ክፍል ለሳቸው ለቅቄ እኔ ከእማዬ ጋር መተኛት ጀመርኩ። ድሮ አገር ቤት የጦር ሠራዊት መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ጽዳት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እማዬ ኬር ሆም፣ አዛውንት መጦሪያ ቤት፣ ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት የሚያመጡኝ እሳቸው ነበሩ። ረጅም ናቸው፣ ሲራመዱ እጃቸውን ከኋላ ያጣምራሉ። ብርቱካን ልጠውልኝ ከእንግሊዝኛ መጽሐፌ ላይ ሥዕሉን ብቻ እያዩ ታሪኩን በአማርኛ ይፈጥሩልኛል። መጀመሪያ ላይ እወዳቸው ነበር። ይሄንን መናገር አለብኝ።

ነገሩ የመጣው በሚስተር ኮሊን በኩል ነው። ሚስተር ኮሊን ጋራዡ ውስጥ አብሯቸው የሠራ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ውጭ ወዳለ የተኩስ ክለብ ይሄዳል። ወረቀት ላይ ያነጣጥራሉ፣ ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ፤ ያ ነው ጨዋታቸው። አባባን አንድ ቀን በመኪናው ይዟቸው ሄደ። እሳቸው አልተኮሱም። «ዓይኔም ደክሟል፣ ልቤም ደክሟል» አሉ። ግን ሳሩ ላይ የወደቁትን ቀለሆች፣ ማለት ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረውን ባዶ የነሐስ ቀፎ፣ አንድ በአንድ እያነሱ ማየት ጀመሩ። የክለቡ ሰዎች ቀለሁን አይጥሉም ኖሯል፤ አዲስ ባሩድና አዲስ እርሳስ እየሞሉ ደግመው ይተኩሱበታል። የትኛው ቀለህ ደግሞ እንደሚያገለግል፣ የትኛው እንደሚፈነዳ በአንድ እይታ የሚለይ ሰው ሲያገኙ ጊዜ ለቀቋቸው? አለቀቋቸውም። አባባ በየሳምንቱ ባዶ ቀለህ በአይስክሬም ዕቃ ሞልተው ይዘው መምጣት ጀመሩ።

እማዬ መጀመሪያ ቀን ስታየው ደረቷን ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ጋሼ፣ ይሄን ነገር ቤት ውስጥ?»

አባባ እናቴን በስሟ ጠሯት። «ባዶ ነው፣ ሙሉ። ባዶ ቀለህ ማለት ባዶ ቆርቆሮ ማለት ነው። ኮሊን ሕጉን ቼክ አድርጓል።»

እማዬ አጎቷን መቃወም አትችልም። «እሺ እንዳሉ» አለች። ዓይኗ ግን ወደ በሩ ሄደ፤ እኔ ደግሞ ከአፏ ይልቅ ዓይኗን የማምን ልጅ ነበርኩ።

ሥራ ተሰጠኝ። ሰኞ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቀለሆቹን ለብ ባለ ውኃ፣ በኮምጣጤና በጨው አጥባለሁ። ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ጣቶቼ ይጨማደዳሉ። አለቅልቄ ፎጣ ላይ እደረድራቸውና ከቤት ማሞቂያው፣ ከራዲያተሩ ሥር አኖራቸዋለሁ። ሲደርቁ አባባ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ያነጥፋሉ፣ ሦስት ባዶ ዕቃ ያሰልፋሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያወርዳሉ።

«ነይ ስሚ» ይሉኛል።

አንዱን ቀለህ ከስንዝር ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ይለቁታል። *ቅልል* ይላል፣ ንጹሕ ድምፅ። «ይቺ ጤነኛ ናት።» ሌላውን ይለቃሉ። *ቋ*። «ይቺስ?»

«ታማለች።»

«አንገቷ ላይ ተሰንጥቋል። በዓይን አታይውም፤ ድምፅ ግን አይዋሽም።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው በማጉያ መነጽር ያሳዩኛል፤ እውነትም ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ። ኩሽና ሚዛኑ ላይ ሁለት ዓይነት ቀለህ አሥር አሥር እያደረጉ ይመዝናሉ። «አየሽ፣ የዚህኛው ነሐስ ወፍራም ነው፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ያኛው ስስ ነው፤ ሁለቴ ቢሞላ ነው፣ በሦስተኛው ወገቡ ላይ ይለቃል።» እኔ በጣም የሚያበራውን አንስቼ «ይሄ ነው ጥሩው!» ስል ይስቃሉ። «ማብረቅረቋ አያታልልሽ። ስንት የምታበራ ሙሽራ አይቻለሁ መሰለሽ!»

የመጀመሪያው ዕቃ ደህናዎቹ፣ ሁለተኛው የሚያጠራጥሩት፣ ሦስተኛው የሚቀልጡት ነበር።

«ደህናዎቹ ምን ይሆናሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ተሞልተው ደግመው ጥይት ይሆናሉ።»

ይሄ ነገር ከልቤ አልወጣልኝም። ሞቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ደግሞ የሚነሣ ነገር! ያጠብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያም ሆኖ እስከዚያ ፍርሃቱ ትንሽ ነበር። ያደገው በስልክ ነው። አባባ ሃክኒ የሚባል ሰፈር የሚኖር የድሮ ጦር ጓደኛ ነበራቸው፤ ሲደዋወሉ ድምፃቸው ወጣት ይሆናል። አንድ ሰኞ እኔ እያጠብኩ፣ እሳቸው ስልኩን በትከሻቸው ይዘው ቀለህ እየለዩ፣ «አዎ እንጂ! ጥይት ስናድል ወታደሮቹን ምን ነበር የምንላቸው? ‹አንድ ጥይት፣ አንድ ሰው! እንዳታባክን!›» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። አንድ ጥይት፣ አንድ ሰው። ዕቃው ውስጥ ያለውን በዓይኔ መቁጠር ጀመርኩ፤ አላለቀልኝም።

በዚያው ሳምንት እማዬ ደግሞ የሆነች ሴት ትዳሯ እንደፈረሰ ለጓደኛዋ ስታወራ «ምን ይደረግ፣ ደም ያለበት ቤት አይቃናም» አለች። ትልቅ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ቃል ጥሎ ያልፋል፤ ልጅ አንስቶ ይገጣጥመዋል። ገጣጠምኩት። ቤታችን ደም አለበት፤ ስለዚህ ነው አባቴ ሪፊዩዝ የተደረገው። አባባ ያኔ ገና ከኛ ጋር እንዳልነበሩ ትዝ አላለኝም። ፍርሃት ሒሳብ አይችልም።

ከዚያ ስሞቹን አየሁ። በእያንዳንዱ ቀለህ ቂጥ ላይ ዙሪያውን የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ሁለት ወይ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አጠገቡ ቁጥር። እኛ ቤት እያንዳንዱ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ የሚጠራበት፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ብቻ የምታውቀው ስመ ክርስትና፤ ሰው ሲሞት የሚጸለይለት በዚያ በሁለተኛው ነው። እኔ ሶስና ነኝ፣ ለእግዚአብሔር ግን ወለተ ሥላሴ። ታዲያ ከሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ የተጻፈ ስም ሌላ ምን ይሆናል? ቁጥሩ ደግሞ የሞቱበት ዓመት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ቀለሆቹን ሳጥብ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ራዲያተሩ ሲንቋቋ እነሱ የሚንቀሳቀሱ ይመስለኛል። አባባ ፀጉሬን ሲዳስሱኝ አንገቴን እሰብራለሁ። ብርቱካን ሲልጡልኝ ጣታቸውን አያለሁ፤ አልበላም። «ምነው ሶሲዬ፣ ሆድሽን ነው?» ይሉኛል። «አዎ» እላለሁ። እውነቴን ነው፣ ሆዴን ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንድ ሐሙስ መንገድ መሻገርን ልታስተምረን ፖሊስ ክፍላችን መጣች። ፈገግታዋ ደስ ይላል፤ ቢጫ ጃኬት ለብሳለች። እኔ እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ስከት ቀዝቃዛ ነገር ነካሁ። ቀለህ! ከፎጣው ላይ ተንከባሎ ይሁን፣ እኔው ረስቼ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጆሮዬ ጮኸ። ቀስ ብዬ ጎንበስ አልኩና ካልሲዬ ውስጥ ወሸቅኩት። ፖሊሷ «በቀይ መብራት ምን እናደርጋለን?» ብላ በጣቷ እኔን ጠቆመችኝ። እግሬን ወንበሩ ሥር ደበቅኩ። «ዓይን አፋር ነሽ?» አለችኝና ሌላ ልጅ ጠየቀች። ቀኑን ሙሉ ቁርጭምጭሚቴን እየቆረጠኝ ሄድኩ። ሲያሰቅቀኝ የነበረው ሕመሙ አይደለም፤ ያ የሞተ ሰው በእግሬ ላይ መሆኑ ነበር። ቤት ስደርስ ካልሲዬ ደም ነክቶታል። ደም አለ ማለት ነው አልኩ፣ ይኸው ማስረጃው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከእማዬ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። የአያቴ ሙት ዓመት ስለነበረ እማዬ ቁራጭ ወረቀት ላይ የአያቴን ስመ ክርስትና ጽፋ ከእንግሊዞች በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ለቄሱ ስትሰጥ አየሁ። «አሁን ታርፋለች» አለች እንባዋን እየጠረገች። ብርሃን መጣልኝ። ስማቸው ከተነበበ ያርፋሉ፤ ካረፉ ቤታችን ይቃናል፤ ከተቃና አባቴ ይመጣል።

አባባ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው የመጀመሪያውን ዕቃ አወረድኩ፤ የደህናዎቹን። እነሱ ናቸው አስቸኳይ፣ ከመሞላታቸው በፊት መድረስ ያለባቸው። አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያዞርኩ ገለበጥኩ። ጂ የሚለውን «ገብረ»፣ ኤች የሚለውን «ሀብተ» አልኩት፤ ቀሪውን ስላላወቅኩ ክፍት ተውኩት፣ ለቄሱ ግልጽ ይሆናል ብዬ። ሠላሳ አንድ ሰው። አንዱ ከእጄ አምልጦ ወደቀና *ቅልል* አለ። አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ጤነኛ ናት» አሉ።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሴቶቹ ዳቦ ሲያድሉ ሄጄ ወረቀቱን ለቄሱ ሰጠሁ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«የሙታን ስም ነው አባ።»

«ገብረ… ገብረ ማን? ስድሳ ስምንት ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሞቱበት ዓመት ነው። ገብረ ማን እንደሆነ ከሥሩ አልጻፉትም።»

«እነማን ናቸው እነዚህ ሁሉ?»

እንዴት እንዳልኩት አስታውሳለሁ፤ ቀስ ብዬ ሳይሆን በደንብ፣ ትምህርት ቤት እንደምናነበው ጮክ ብዬ። «አባባ ደምሴ የገደሏቸው ናቸው።»

ከኋላዬ እማዬ የያዘችው ትሪ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። «እግዚኦ» አለች አንዲት ሴት። አባባ በሩ አጠገብ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር፤ አንዱን ብቻ አድርገው መጡ። ቄሱ ወረቀቱን ሰጧቸው። አባባ ራቅ አድርገው፣ ቀለህ እንደሚያዩት ወደ ብርሃኑ አዙረው አነበቡት። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የፋብሪካ ምልክት ነው አባታችን» አሉ። «ዓመቱም ቀለሁ የተሠራበት ነው። ለክለብ ሰዎች የምለየው ባዶ ቀለህ አለ፣ ከዚያ ላይ ገልብጣ ነው።»

ሴቶቹ ተነፈሱ። አንዷ ሳቀች፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም!» አለች። በዚያ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ዛሬ እስቅ ነበር። አባባ ግን ወረቀቱን አልመለሱም።

«እኔ ሰው ላይ ተኩሼ አላውቅም» አሉ፣ ለቄሱ ሳይሆን ለወረቀቱ። «አድዬ ግን አውቃለሁ። ስድስት ዓመት በዚያች በግምጃ ቤቱ መስኮት ጥይት አደልኩ። ደህናውን ከመጥፎው እየለየሁ፣ እንዳይከሽፍ እያልኩ። አንዱም አልከሸፈም መሰለኝ፤ ሥራዬን እችል ነበር። የት እንዳረፉ የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።» ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ለቄሱ ዘረጉ። «ይጸለይላቸው አባታችን።»

«አቶ ደምሴ፣ በፋብሪካ ስም እንዴት አድርጌ…»

«ሌላ ስም የለኝም።»

ቄሱ ወረቀቱን አጥፈው መስቀላቸው ሥር ያዙትና «ስማቸውን አንተ የምታውቀው» እያሉ ጸለዩ። አባባ በአንድ እግር ጫማ፣ በሌላው በካልሲ ቆመው፣ ራሳቸውን ደፍተው አለቀሱ። ትልቅ ወንድ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። የሆነ ሰው እፎይ አለ ቢባል ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ፤ አይደለሁም። እስከዚያ ድረስ ከልቤ ጥግ አንድ ቦታ «ምናልባት ውሸት ይሆናል» የምትል ነገር ነበረች። እሷ ሄደች።

ቤት ስንገባ እማዬ አባባን ወደ ኩሽና ተከተለቻቸው፤ እኔ በሩ ሥር ነበርኩ።

«ጋሼ… በሰው ፊት ‹ገደሉ› ተባለ። የሰው አፍ ያውቁታል። ነገ አንዱ ጠምዝዞ አንድ ቦታ ቢናገርብን፣ ወረቀቱ…»

«አትጨርሽው ሙሉ።»

«ሆዴ እሺ ብሎ አይደለም እኮ፣ ጋሼ! አንድዬ ያውቃል!»

«አውቃለሁ። እኔ እሄዳለሁ፤ ባልሽ ይምጣልሽ።»

ሚስተር ኮሊን የቀለሆቹን ዕቃዎች በመኪናው ወሰዳቸው። ረቡዕ ዕለት አባባ አንድ ሻንጣ ይዘው ሃክኒ ጓደኛቸው ዘንድ ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ ሊስሙኝ ጎንበስ ሲሉ ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ገባሁ። ጎንበስ እንዳሉ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው ኮፍያቸውን አደረጉ።

ከፋሲካ በኋላ ሶሊሲተሯ፣ ጉዳያችንን የያዘችው ጠበቃ፣ ደወለች። ተፈቅዷል። የእማዬ እልልታ ላይኛው ፎቅ ድረስ ተሰማ፤ እኔ አልጋ ላይ ዘለልኩ፣ ትራስ ቀደድኩ፣ ማንም አልተቆጣኝም። መጀመሪያ ለአባቴ ደወልን፤ እያለቀሰ ስለነበር የሚለው ምንም አልገባንም። ወዲያው እማዬ ሃክኒ ደወለች።

«ጋሼ! አለቀ! ተፈቀደለት! አሁን ይመለሱ፣ ቤቱ ይበቃናል፣ እኛ ሳሎን እንተኛለን!»

የሚሉትን አልሰማሁም። የእማዬ ፊት ግን ሲለወጥ አየሁ። ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደኔ ዞረች።

«‹ልጅቷ በምትፈራኝ ቤት አላድርም› አሉ። ነይ፣ ‹አልፈራዎትም፣ ይምጡ› በያቸው። በይ ሶሲ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

«ሶሲዬ» አሉ። ድምፃቸው ብርቱካን ሲልጡልኝ የነበረው ድምፅ ነው። «አባትሽ ሊመጣ ነው አሉ፤ እንኳን ደስ ያለሽ።»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን።»

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። አሁንም ትፈሪኛለሽ?»

እማዬ ከፊቴ ተንበርክካ በከንፈሯ ብቻ «አልፈራም» ትለኛለች። እኔም ልለው አፌን ከፈትኩ። እንዲመጡ ፈልጌ ነበር፤ በእናቴ ስም እምላለሁ ፈልጌ ነበር። ግን ያቺ መስኮት መጣችብኝ፤ እጃቸው ሲያድል፣ አንድ በአንድ፣ ደህናውን እየለየ። አፌን መልሼ ገጠምኩ። ጠበቁኝ። በስልኩ ውስጥ የሃክኒ መኪናዎች ሲያልፉ ይሰማል። በጣም ጠበቁኝ።

«ግድ የለም ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ስልኩን ለእናትሽ ስጫት።»

ሰጠኋት።